የልብ ወለድ ጎራዴ ሜዳ ላይ ሲወጣ፦ በፊልምና በመጽሐፍ ያየነውን ስልት እንዴት እንፈትናለን?

በመንዝ ሜዳ በግ ስንጠብቅ ምክቶሽ እንጫወት ነበር። አንዱ ዱላውን ይሰነዝራል፣ ሌላው ይመክታል፣ ከዚያም ተራው ይለወጣል፤ ማን እንደተሸነፈ የሚታወቀው ጣቱን እያሸ ወደ በጎቹ በሚመለሰው ልጅ ነበር። ዛሬ በደብረ ብርሃን ለዓድዋ መታሰቢያ ተውኔት ከሚያዘጋጁ ወጣቶች ጋር ጎራዴ የሚመዘዝባቸውን ትዕይንቶች ስንለማመድ፣ ከስልካቸው ላይ አንድ ቁራጭ ፊልም እያሳዩ «ጋሼ፣ ይኼ በእውነት ይሠራል?» የማይሉኝ ቀን የለም። መልሱን ከአፌ ከሚሰሙ ይልቅ አብረን ሜዳ ወጥተን ብንፈትነው ይሻላል ብዬ ስለማምን፣ ይህ ጽሑፍ የምንፈትንበትን መንገድና ያገኘነውን ያስረዳል። ልብ ወለድ የሚጽፍ፣ ተውኔት የሚያዘጋጅ ወይም ያየው ነገር እውነት መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ብቻ የሚፈልግ ሰው ሊሠራበት ይችላል።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ በፊልም ውስጥ የሚፋለሙት ሁለቱ ባላጋራዎች በእውነቱ ባልንጀሮች መሆናቸው ነው። አንዱ የሚሰነዝረውን ሌላው አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የሚያርፍበትንም ቦታ ጠብቆ ይመክትለታል። ይህ ተዋናዮቹን ከጉዳት የሚያድን የሙያው ግዴታ በመሆኑ የሚነቀፍ አይደለም። እንግዲህ አንድን ስልት መፈተን ማለት ያንን መተባበር ከመካከል አውጥቶ የሚቀረውን ማየት ነው።

ዕቃውና ጥንቃቄው

የተሳለም ይሁን የደነዘ እውነተኛ ጎራዴ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይነሣም። የወይራ ዱላም አይሆንም፤ አጥንት ይሰብራል። እ.ኤ.አ. በ1982 በሮም በተካሄደው የዓለም የሰይፍ ውድድር ላይ የሶቪየት ኅብረቱ የኦሊምፒክ ባለድል ቭላዲሚር ስሚርኖቭ የሞተው፣ የተጋጣሚው ሰይፍ ተሰብሮ ስብራቱ የፊቱን ጭምብል ጥሶ በመግባቱ ነበር። ያ ሰይፍ በውድድሩ ሕግ መሠረት ክብደቱ ከ500 ግራም የማይበልጥ፣ ስለት የሌለው፣ ጫፉም የደነዘ መሣሪያ ነበር። በባለሙያዎች መካከል፣ በዳኛ ፊትና በመከላከያ ልብስ ይህ ከሆነ፣ በግቢ ውስጥ የሚደረግ ሙከራ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው አንባቢ ራሱ ይመዝነው።

እኛ የምንጠቀመው የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበትን የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ርዝመቱን ከእጀታው ጋር አንድ ሜትር ገደማ እናደርገዋለን፤ መላ አካሉን በስፖንጅ ጠቅልለን በፕላስተር እናስረዋለን፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ጡጫ የሚያህል ስፖንጅ እንደርብበታለን። ብዙ ሰው ጎራዴ እንደ ድጅኖ የሚከብድ ይመስለዋል፤ ሆኖም በአንድ እጅ የሚያዝ ሰይፍ ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ኪሎ ግራም ብዙም አይርቅም፣ ማለትም አንድ ሊትር ውኃ የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ ያህል ነው። በሁለት እጅ የሚያዘው የአውሮፓ ሰይፍ እንኳ በአብዛኛው 2 ኪሎ ግራም አይሞላም። ቀልጣፋ የሚያደርገው ክብደቱ ወደ እጅ መጠጋቱ ስለሆነ፣ ቱቦውን በእጀታው በኩል አሸዋ ሞልተን እንደፍነዋለን። ፈታኞቹ ሁለቱም ፊትን የሚሸፍን የሞተር ብስክሌት ሄልሜትና የበያጅ ቆዳ ጓንት ማድረግ አለባቸው። በስፖንጁ ላይ የተወቀጠ ከሰል ብታሹበትና ነጭ ካናቴራ ብትለብሱ፣ «ነክቼሃለሁ፣ አልነካኸኝም» የሚለው ክርክር ይቀራል፤ ጥቁሩ ምልክት ይፈርዳል።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ቱቦ ክብ በመሆኑ ስለት የለውም፤ ጎራዴ ግን ስለትና ጀርባ አለው። ባሕር ዛፍ በገጀራ የመለመለ ሰው እንደሚያውቀው፣ ገጀራው በእጅ ውስጥ ጥቂት እንኳ ከዞረ ቅርንጫፉን ከመቁረጥ ይልቅ ተንሸራቶ ይመለሳል፣ የእጅ አንጓንም ያማል። ጎራዴም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በቱቦው አንድ ጎን ከእጀታ እስከ ጫፍ ቀይ ፕላስተር ለጥፉ፤ ምቱ ያረፈው በቀዩ መስመር ካልሆነ እንደ ቆረጠ አይቆጠር። ይህ ትንሽ ሕግ ብቻውን ከፊልም የተቀዱ በርካታ ምቶችን ከጨዋታ ውጭ ያደርጋል፤ በጣት መካከል እየተሽከረከረ የሚመጣ ጎራዴ ሲያርፍ ስለቱ ወዴት እንደዞረ ያዡ እንኳ አያውቅምና።

አካሄዱ

በመጀመሪያ ስልቱን በተራ ቃል ጻፉት፦ እግር የት ነው፣ እጅ የት ነው፣ ጫፉ ወዴት ያያል፣ ደረት ወዴት ዞሯል። «እንደ መብረቅ ተወርውሮ መታው» የሚል ዐረፍተ ነገር ሊፈተን አይችልም፤ «ግራ እግሩን አስቀድሞ፣ ጎራዴውን ከቀኝ ትከሻው በላይ አንሥቶ፣ ወደ ተጋጣሚው ግራ አንገት አወረደ» የሚለው ግን ይፈተናል። ብዙ ጊዜ ስልቱ የሚወድቀው ገና እዚህ ላይ ነው፤ ጸሐፊው ራሱ ሦስተኛ እጅ ካልተጨመረለት የማይሆን ነገር እንደጻፈ ያገኘዋል።

ቀጥሎ ሁለቱ ሰዎች እንደ ውኃ ውስጥ ሰው በዝግታ ያድርጉት፤ በዚህ ጊዜ ተጋጣሚው ቆሞ ይመልከት እንጂ አይመክት። የምትመለከቱት ነገር አንድ ብቻ ነው፦ ካልተመከተ ምቱ ሰውነት ላይ ይደርሳል ወይ? በፊልም ጎራዴ ከጎራዴ ሲፋጭ ብልጭታው ዓይን ስለሚስብ አናስተውለውም እንጂ፣ አብዛኛው ምት የታለመው በሰውየው ላይ ሳይሆን በያዘው ጎራዴ ላይ ነው። ወጣቶቼ ከስልክ ያመጡትን አንድ የዘጠኝ ምት ልውውጥ በዚህ መንገድ ስናየው፣ ተጋጣሚው እጁን አጣጥፎ ቢቆም ኖሮ የሚነኩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት ከጭንቅላቱ በላይ አንድ ስንዝር ወይም ከጉልበቱ ፊት አንድ ክንድ ርቀው ያልፉ ነበር።

በመጨረሻ ተጋጣሚውን ለብቻው ጠርታችሁ «ምን እንደሚያደርግ አልነግርህም፤ አንተ ግን ባገኘኸው ቀዳዳ አንድ ጊዜ ንካው» በሉት። ፈተናው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከጎን ሆኖ በስልክ የሚቀርጽ ሰው ይኑር። በሰከንድ 30 ምስል የሚቀርጽ ስልክ ከሆነ እያንዳንዱ ምስል የሰከንድ አንድ ሠላሳኛ ነው። ሰው አንድን ነገር በዓይኑ አይቶ እጁን ለማንቀሳቀስ እስኪጀምር ከ0.2 እስከ 0.25 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፣ ይህም ከስድስት እስከ ስምንት ምስል ማለት ነው። ይህችን ስሌት ያዙ፤ ከዚህ በታች ትጠቅመናለች።

ጀርባ ሰጥቶ መዞር

ወጣቶች ሁሉ የሚወዱት ስልት በአንድ እግር ተሽከርክሮ፣ ጀርባን ለአፍታ ሰጥቶ፣ ከዙሪቱ በሚገኘው ኃይል መምታት ነው። ቀርጻችሁ ደረቱ ከተጋጣሚው ከተሰወረበት ጊዜ ጀምሮ እስኪመለስ ድረስ ያሉትን ምስሎች ቁጠሩ። ከስምንት ከበለጡ ተጋጣሚው አይቶ፣ ወስኖ፣ እጁን መዘርጋት ጀምሯል ማለት ነው። እኛ በሞከርንበት ጊዜ ሁሉ በልጧል። ከሁሉ ቀልጣፋ የነበረው ልጅ እንኳ ሲዞር ካናቴራው ጀርባ ላይ ክብ የከሰል ምልክት እየታተመ ወጣ። ከዚህም ሌላ የሚዞር ሰው ኃይል አያተርፍም፤ ቀላል ጎራዴ ለመቁረጥ የሚፈልገው የተስተካከለ ስለትና ትክክለኛ ርቀት እንጂ የሰውነትን ክብደት ሁሉ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1599 ስለ ሰይፍ ጥበብ የጻፈው እንግሊዛዊው ጆርጅ ሲልቨር ከእግር በፊት እጅ መንቀሳቀስ እንዳለበት አጥብቆ ያስተምር ነበር፤ ዙሪት ግን ይህን ገልብጦ እግርን ያስቀድምና እጅን የመጨረሻ ያደርገዋል።

እዚህ ላይ ስለ ፉከራ አንድ ነገር ካላልኩ ነገሩ ይጎድላል። አባቶቻችን ሲፎክሩ ጎራዴ ይመዛሉ፣ በራሳቸው ላይ ያሽከረክራሉ፣ ይዘላሉ፣ ይንበረከካሉ፤ በሠርግና በበዓል ያየነው ሁላችን እናውቀዋለን። ሆኖም ፎካሪው የሚፎክረው ከጦርነት በፊት ወይም በኋላ፣ በጌታው ወይም በሕዝቡ ፊት እንጂ ጠላት በክንድ ርቀት ቆሞ እያየው አይደለም። የፉከራው መሽከርከር ልብን ያሞቃል፣ ማንነትን ያስታውቃል፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። የፊልሙ ስሕተት ፉከራውን ከቦታው አንሥቶ በውጊያው መካከል መዶሉ ነው። ስለዚህ በፈተና የወደቀ ዙሪት ካላችሁ አትጣሉት፤ ከምቱ በፊት ወዳለው ቦታ መልሱት፣ ያኔ እውነተኛ ይሆናል።

እጅ፣ ሁልጊዜ እጅ

በልብ ወለድ እጁን የሚመታ ሰው የለም፤ ሁሉም አንገትና ሆድ ይፈልጋል። በምክቶሽ ግን ቀድሞ የሚያገኛችሁ ጣታችሁ ነው፣ ምክንያቱም ወደ ተጋጣሚ ከሁሉ የቀረበው አካል እርሱ ነው። ባለፈው ክረምት «ለአንዲት ሙከራ ነው» ብዬ ጓንት ሳላደርግ ገብቼ የቀኝ እጄን አውራ ጣት ተመታሁ። ስፖንጅ የለበሰ ቱቦ ነበር፤ ቢሆንም ጥፍሬ በማግሥቱ ጠቆረ፣ ከሳምንታት በኋላም ከሥሩ ተነቅሎ ወደቀ። ስለት ቢሆን ኖሮ ጎራዴው ከጣቴ ጋር መሬት ላይ በቀረ ነበር።

በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ በሚገኘው የሮያል አርመሪስ ቤተ መዘክር የተቀመጠ፣ እ.ኤ.አ. በ1300 አካባቢ በጀርመን አገር የተዘጋጀ አንድ የብራና መጽሐፍ አለ። አንድ ቄስ ለተማሪው ሰይፍና ትንሽ ክብ ጋሻ ሲያስተምር በሥዕል ያሳያል። በሥዕሎቹ ውስጥ ትንሿ ጋሻ ደጋግማ የምትታየው ሰይፍ በያዘው እጅ አጠገብ ነው፤ ሰይፍ ሲዘረጋ ጋሻም አብራ ትዘረጋለች። ድርጊቱ ሊቃውንቱ ምን ይፈሩ እንደነበር ይነግረናል። እናንተም ማንኛውንም ስልት ስትፈትኑ ተጋጣሚያችሁን «መጀመሪያ እጁን ፈልግ» በሉት። እጅን ሰፊ አድርጎ የሚከፍት፣ ከራስ ኋላ ረጅም ጊዜ የሚያቆይ፣ ወይም ያለ መሸፈኛ ወደ ፊት የሚያስቀድም ስልት ወዲያውኑ ይጋለጣል።

ከጀርባ መምዘዝ

ጎራዴን በጀርባ አዝሎ በትከሻ ላይ መምዘዝ የሚፈተነው በገመድና በቱቦ ነው። አፎት እንዲሆን ሰፋ ያለ ቱቦ በጀርባችሁ ላይ ከትከሻ ወደ ወገብ ሰያፍ አድርጋችሁ እሰሩና ያለ እጀታው 80 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የቱቦ ጎራዴ ክተቱበት፤ ከዚያ ምዘዙ። እጅ የሚዘረጋው እስከ ክንድ ርዝመት ብቻ ስለሆነ፣ ክንዳችሁ ተዘርግቶ ሲያልቅ የጎራዴው ጫፍ ገና አፎቱ ውስጥ ነው። አጭር ጎራዴ ወይም ጎኑ የተቀደደ አፎት ካልሆነ አይወጣም። በደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ጋቢ ደርባችሁ ብትሞክሩት ደግሞ ጋቢው አብሮ ይመዘዛል።

በአገራችን ጎራዴና ሾተል በቀኝ ጎን ይታጠቁ እንደነበር የድሮ ፎቶግራፎች ያሳያሉ። ያረጀ ሰፌድ ላይ የቆዳ ማንገቻ ሰፍታችሁ በግራ ክንድ እንደ ጋሻ ብትይዙ ምቾቱ ይገባችኋል፤ ከግራ ጎን ለመምዘዝ ስትሞክሩ ቀኝ እጃችሁ ከገዛ ጋሻችሁ ጋር ይጋጫል። የአያቴ ጎራዴ በቀይ ቆዳ አፎት ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ነበር የሚኖረው። አንድ የክረምት ቀን አውርጄ ለመምዘዝ ስታገል፣ ጉሙ ያራሰው ቆዳ ብረቱን አንቆ ስለያዘው ጉልበቴን በአፎቱ ላይ አስደግፌ ነው ያወጣሁት። ሲወጣም በፊልም የምንሰማው ያ የብረት ፉጨት አልተሰማም፤ የሰማሁት ጫማ ሲወልቅ የሚሰማውን ዓይነት የታፈነ ድምፅ ነው። ደራሲዎች ይህን ቢይዙት እወዳለሁ፤ ከመመዘዙ በፊት የሚታገል ጀግና ከሚያፏጭ ጎራዴ የበለጠ ልብ ያንጠለጥላል።

የማይመስሉ ግን የሚሠሩ

ፈተናው ለመጣል ብቻ አይደለም፤ ሐሰት የሚመስል ነገር እውነት ሆኖ የሚወጣበት ጊዜ አለ፣ እኔን ከሁሉ ያስደሰተኝም ይህ ነው።

የመጀመሪያው ጋቢ ነው። ጀግናው ጋሻ ሲያጣ ልብሱን በክንዱ ጠቅልሎ ሲመክት ስናይ የደራሲ ፈጠራ ይመስለናል። ነገር ግን በጣሊያን የቦሎኛ ከተማ የሰይፍ መምህር የነበረው አኪሌ ማሮዞ እ.ኤ.አ. በ1536 ባሳተመው መጽሐፍ ሰይፍን ከካባ ጋር ስለመጠቀም ያስተምራል። ስንሞክረው ቁም ነገሩ አያያዙ ላይ ሆኖ አገኘነው። ጋቢው ክንድ ላይ ጠብቆ ከተጠቀለለ ምቱ አጥንት ድረስ ይሰማል፤ ሁለት ዙር ጠቅልለን የቀረውን እንደ መጋረጃ ስናንጠለጥለው ግን የተሰነዘረው ቱቦ እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ኃይሉን ያጣል፣ አንዳንዴም ተጠምዶ ይቀራል። አራት ድርብ የሆነ የአገራችን ጋቢ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል።

ሁለተኛው ስለትን በእጅ መጨበጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1467 በተዘጋጀው የጀርመናዊው ሃንስ ታልሆፈር የሥዕል መጽሐፍ ውስጥ፣ ተፋላሚዎች ሰይፉን በስለቱ በኩል በሁለት እጅ ጨብጠው በእጀታው እንደ መዶሻ ሲመቱ ይታያሉ። የብረት ጥሩር በስለት አይቆረጥም፤ ስለዚህ ወይ ይደቆሳል ወይ በመገጣጠሚያው ቀዳዳ ይወጋል። ጥሩር የለበሰን ሰው በአንድ ምት ለሁለት የሚከፍል ጀግና የምትጽፉ ከሆነ ከዚህኛው ተማሩ።

ሦስተኛው የራሳችን ሾተል ነው። እንደ ማጭድ የጎበጠ ሰይፍ ለእንግዳ ሰው የተረት መሣሪያ ይመስለዋል። ቱቦውን በፈላ ውኃ አለስልሰን አጎበጥነውና ሰፌድ በያዘ ልጅ ላይ ሞከርነው፤ ከሰፌዱ ጠርዝ በላይ ተሻግሮ ትከሻው ላይ ምልክት ተወ፣ ልጁ በትክክል መክቶ ሳለ። ነገር ግን ያው ልጅ ቀጥ ያለ ቱቦ ተሰጥቶት ከሩቅ ሲጠብቀን ሾተሉ ከመድረሱ በፊት ቀድሞ ነካን። ሾተል የሚሠራው ጋሻ ከጋሻ ሊነካካ ሲደርስ ነው፤ ጸሐፊ ሆይ፣ ሾተል የያዘ ጀግናህን መጀመሪያ አስጠጋው።

በሁለት እጅ ሁለት ሰይፍ መያዝም ውሸት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1645 የሞተው ጃፓናዊው የሰይፍ ሊቅ ሚያሞቶ ሙሳሺ ያስተምረው ነበር። የሚወድቀው ሁለቱ እጆች እኩል ሲወናጨፉ ነው፤ አንዱ እየመከተ ሌላው ሲሰነዝር ይሠራል።

አንዱ ለብዙ

አንድ ሰው በሜዳ መካከል አምስት ሰው ከብቦት ሁሉንም በተራ የሚጥልበትን ትዕይንት ለመፈተን ሦስት ልጆች ይበቃሉ። ሦስቱን «ተራ አትጠብቁ» በሏቸው፤ ነገሩ ትንፋሽ ሳይወጣ ያልቃል። ይሁን እንጂ በመንዝ እንደምናውቀው በሁለት የድንጋይ ካብ መካከል ባለ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ብትሞክሩት ውጤቱ ይለወጣል፤ ሦስቱ እርስ በርስ እየተጋረዱ በሰልፍ ይመጣሉ፣ አንዱም ቢያንስ የመጀመሪያውን ለመግጠም ጊዜ ያገኛል። የአንኮበርን ገደላማ መንገድ የወጣ ሰው አባቶች ለምን እንዲህ ያለ ቦታ ይመርጡ እንደነበር አይጠይቅም። ጀግናው እንዲያሸንፍ ከፈለጋችሁ ጉልበት ከመጨመር ቦታ መምረጥ ይሻላል።

ስለ ርዝመቱም እንዲሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሄልሜት አድርገው በሙሉ ኃይል የሚሰነዝሩ ጤነኛ ወጣቶች እንኳ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ክንዳቸው ይዝላል፣ ጫፉም ወደ መሬት ይወርዳል። የአምስት ደቂቃ ፍልሚያ ከጻፋችሁ አብዛኛው ጊዜ መተያየትና መሸሽ መሆን አለበት።

ከተመታ በኋላ ያለው እርምጃ

በመጨረሻ የምንጨምረው ሕግ ውጤቱን ሁሉ ይገለብጣል። በፊልም የተመታ ሰው ወዲያው ይወድቃል፤ በእውነተኛ ሰውነት ላይ ግን ለሞት የሚያበቃ ቁስል እንኳ ወዲያው እጅን አያቆምም። ስለዚህ የተመታው ልጅ አንድ እርምጃና አንድ ምት ይፈቀድለት። ይህን ስንፈቅድ «ሠራ» ያልነው ስልት ሁሉ ማለት ይቻላል ሁለቱንም ሰዎች በከሰል አጥቁሮ ጨረሰ፤ መምታት መቻሉን እንጂ ከመታ በኋላ መውጣቱን አላሰብንም ነበርና።

የዘንድሮው ተውኔታችን የመጨረሻ ፍልሚያ በዚህ ምክንያት ተቀየረ። ቀድሞ ወደ ሃያ የሚጠጋ ምት ነበረው፤ አሁን አራት ነው። ተዋናዩ ጋቢውን በግራ ክንዱ አንጠልጥሎ ይገባል፣ የተጋጣሚውን ጎራዴ እጥፋቱ ውስጥ ይቀበላል፣ እጁን ይመታል፣ ከዚያም ጎራዴውን ፊቱ ላይ እንደያዘ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይሸሽና የቆሰለው ሰው እስኪወድቅ ድረስ ዓይኑን ሳይነቅል ይጠብቃል። የሚፎክረው ከዚያ በኋላ ነው።